በሁለት ጎማ ወደ አዳዲ ማርያም

ሰው ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድበት ነገር ሁሉ የአገሩን መልክ በየራሱ መንገድ ያሳየዋል። በበቅሎ የተቀመጠ ሰው መንገዱን በበቅሎዋ ጆሮዎች መካከል ያያል፤ እሷም ገደሉን ከጌታዋ ቀድማ ታውቃለችና ሐሳቡን ለጸሎትም ለጨዋታም መስጠት ይችላል። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው አገሩን በመስኮት ልክ ተቆራርጦ ያገኘዋል፤ ከዚያም የሚበዛውን የጎረቤቱ ትከሻ ይጋርድበታል። አውቶሞቢል ያለው ባለጸጋ ደግሞ ከአቧራው ለመዳን መስኮቱን ሲዘጋ፣ የእርሻውን ሽታና የእረኛውን ፉጨትም ከአቧራው ጋራ አብሮ ይዘጋባቸዋል። ሞተር ብስክሌት ግን መስኮት የለውም። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበውም ይህ መስኮት የሌለው መጓጓዣ፣ ብዙ ጊዜ በአውቶቡስ ያለፍንበትን መንገድ በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት አድርጎ እንዳሳየን ነው።

ሞተር ብስክሌት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በየከተማው ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰውን ቀላሉን ዓይነት ነው። እኛ በእጃችን የገባው ግን ለሩቅ መንገድ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ረጅም ወንበር፣ በግራና በቀኝ የዕቃ ሣጥን፣ ከፊቱም ነፋስ የሚከለክል ትንሽ መስተዋት አለው። ሥሪቱ የጀርመን ሲሆን ስሙ ቢ ኤም ደብልዩ አር 80 ጂ ኤስ ይባላል። ይህ ዓይነት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1981 ኡበር ኦሪዮል የተባለ ፈረንሳዊ ከፓሪስ እስከ ዳካር በሚደረገው የበረሃ እሽቅድምድም በዚሁ ዘር አሸነፈ። የእኛው ዕድሜው ገፍቷል፤ ቀለሙም በብዙ ቦታ ተልጧል። ወደ አገሩ ሊመለስ የተዘጋጀ አንድ የውጭ አገር ሰው በመጠነኛ ዋጋ ስለ ለቀቀልን፣ ለአዲስ ወጥ ቤት ማሠሪያ ካጠራቀምነው ገንዘብ አብዛኛውን ሰጥተን ወሰድነው።

የሞተሩ አሠራር ለተመልካች እንግዳ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ ሌላው ሞተር ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሰው ሁለት ክንዱን እንደሚዘረጋ ተዘርግተዋል። ፋብሪካው ከ1923 ጀምሮ ሲጠቀምበት የኖረው ሥርዓት ይህ ነው፤ ጥቅሙም ሲሊንደሮቹ በቀጥታ ነፋስ እየመታቸው ስለሚሄዱ ያለ ውኃ መቀዝቀዛቸው ነው። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ካቴና ሳይሆን ውስጥ ለውስጥ የሚዞር የብረት ዘንግ ነው፤ ስለዚህ አቧራ የሚበላውና በየጊዜው የሚላላ ነገር የለበትም። ጉልበቱ 50 ፈረስ ይባላል፤ ክብደቱም 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

በግቢያችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስነሣነው ዕለት ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ነገር አለ። ቆሞ ሳለ የቀኝ እጀታውን ጠምዝዘን ነዳጅ ስንሰጠው መላ አካሉ ወደ ጎን ዘንበል ይላል፤ ስንለቀው ይመለሳል። የታመመ መስሎን መካኒኩን ጠየቅነው። እሱም ሳቀና፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ በቁመቱ ከፊት ወደ ኋላ ስለ ተጋደመ፣ ዘንጉ ወደ አንድ ጎን ፈጥኖ ሲዞር አካሉ ወደ ሌላው ጎን እንደሚገፋ አስረዳን። በትምህርት ቤት ለልጆች በጠመኔ የምንጽፈው የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ከጉልበታችን ሥር ሲንቀጠቀጥ የተሰማን ያን ቀን ነው። ዶሮዎቻችን ግን ሕጉን ስላልተማሩ አጥር ዘልለው ጠፉ።

እዚህ ላይ የባለቤታችንን ነገር ማንሣት ይገባናል። ታናሽ ወንድሟ በአንድ የደቡብ ከተማ ሰው በሞተር ብስክሌት እያመላለሰ ሲያድር ከጭነት መኪና ጋራ ተጋጭቶ እግሩ ተሰብሯል፤ እስከ ዛሬም ያነክሳል። ስለዚህ ይህ ብረት ወደ ግቢያችን በገባ ቀን ደስ አላላትም፤ ለብዙ ቀናትም በአጠገቡ ስታልፍ ፊቷን ታዞር ነበር። በመጨረሻ የፈረደችው ፍርድ የሚያስደንቅ ነው። «አንድ ቀን ሙሉ ከኋላህ ተቀምጬ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ እኔ ሽጠው ካልኩ ይሸጣል፤ ይቀመጥ ካልኩም ይቀመጣል» አለች። መካኒኩም በገዛንበት ዋጋ ሊወስደው ፈቃደኛ ነበርና ነገሩ የቀልድ አልነበረም። የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት በ1885 በጀርመን አገር በጎትሊብ ዳይምለር ተሠርቶ ልጁ ሲጋልበው፣ ከሞተሩ ሙቀት የተነሣ የተቀመጠበት ወንበር እሳት እንደ ያዘ ይነገራል፤ ይህን ታሪክ ከመንገዱ በፊት ልንነግራት አልወደድንም።

ከዚያ በፊት እኛ ራሳችን ሁለት ሳምንት ያህል በሜዳ ላይ ተማርን። በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ መምህር ተማሪ ሲሆን ማየት ለሰፈር ልጆች ትልቅ ጨዋታ ነው። የቀኝ እጅ ነዳጅና የፊት ፍሬን፣ የግራ እጅ ፍሪሲዮን፣ የቀኝ እግር የኋላ ፍሬን፣ የግራ እግር ማርሽ ይዘው አራቱም አካላት በአንድ ጊዜ ሥራ አላቸው፤ ከበሮ የሚመታ፣ ጸናጽል የሚያንሿሿና የሚያሸበሽብ ሰው አንድ ራሱን ቢሆን እንዲህ ይሆናል። ሁለት ነገሮች ግን ከሁሉ ይልቅ ከበዱን። አንደኛው፣ ሞተር ብስክሌቱ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን እጀታ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ለጆሮ ተቃራኒ ይመስላል፤ ነገር ግን የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ሲል አካሉ ወደ ግራ ይጋደምና መታጠፉ በመጋደሙ ይፈጸማል። ሁለተኛው የዓይን ነገር ነው። መካኒኩ «ዓይንህ ወዳለበት ትሄዳለህ፤ ጉድጓዱን ካየህ ጉድጓዱ ውስጥ ነህ» ይለን ነበር። እውነትም ሰው የሚፈራውን ነገር ትኩር ብሎ ሲያይ እጁ ሳይታዘዝ ወደዚያው ይመራል፤ ስለዚህ ጉድጓዱን በጨረፍታ አይቶ ዓይንን በመልካሙ መሬት ላይ ማኖር ያስፈልጋል።

የከፍታውም ነገር አለ። የምንኖርባት ሰበታ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶር ያለው ሞተር አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ሞተሩም እንደ ጉንፋናም ሰው ይሳላል። መካኒኩ የቤንዚኑን ማሳለፊያ በጠባብ ቀዳዳ ሲለውጥልን ሳሉ ተወ።

መንገዳችንን ያደረግነው ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ነው። ባለቤታችን በቀሚሷ ሥር ሱሪ ለበሰች፤ ነጠላዋን ግን አጣጥፋ ከዳቦውና ከቆሎው ጋራ በጎን ሣጥን ውስጥ እንድታስቀምጥ ለመንናት። የነጠላ ጥለት ወይም የጋቢ ጫፍ በሚዞር ጎማ ውስጥ ከገባ ተሳፋሪውን ጎትቶ ይጥላልና፣ ይህን ነገር በየከተማው በሞተር ብስክሌት የሚሳፈሩ እናቶችና እኅቶች ሁሉ ቢያስቡበት እንወዳለን። ሄልሜት የሚባለውን የራስ ቁር እኛ ልካችንን ገዝተናል፤ የእሷ ግን ከሞተሩ ጋራ የመጣው የቀድሞው ባለቤት ስለ ነበረ ሰፋ ብሏት በውስጡ ሻሽ አሰረች።

ከሰበታ ተነሥተን በጅማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ጥቂት ተመልሰን ዓለም ገና ስንደርስ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ ያዝን። ከጭነት መኪኖቹ ጢስ ስንወጣ ፊታችንን የመታው የጠዋት ብርድ ነው። በአውቶቡስ ብዙ ጊዜ ያለፍንበት መንገድ ቢሆንም ብርዱ በየስፍራው የተለያየ መሆኑን ግን አላወቅንም ነበር። መንገዱ ወደ ወንዝ ዝቅ በሚልበት ሁሉ ብርዱ እንደ ውኃ ተኝቶ ይቆያል፤ ጉልበት ድረስ እንደ ገቡበት ይሰማል። ከወንዙ ወጥተው ኮረብታ ሲይዙ ደግሞ ሞቅ ያለ አየር ደረትን ይቀበላል። የሲሊንደሮቹ ሙቀት እግራችንን እያሞቀ፣ ጣቶቻችን ግን በጓንት ውስጥ ደንዝዘው ሄድን። ሽታውም እንዲሁ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚነድበት ጎጆ ከመታየቱ በፊት ጢሱ ይመጣል፤ ቀጥሎ እርጥብ ጭቃ፣ ቀጥሎ የበሬ፣ ቀጥሎም መድረስ የጀመረ የጤፍ ማሳ ሽታ ይከተላል። ጤፍ ሽታ እንዳለው እርሻ ላይ ያደግን ሰዎች እንኳ ረስተነው ነበር። በስተ ምሥራቅ ዝቋላ ብቻውን ቆሞ፣ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር አንዴ በትከሻችን አንዴ በፊታችን እየሆነ አብሮን ይሄድ ነበር።

ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ሰዓት ጉዞው መልካም አልነበረም። ባለቤታችን ከፍርሃቷ የተነሣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ሞተሩ ወደ ግራ ሲጋደም እሷ መውደቅ መስሏት ወደ ቀኝ ትጋደማለች። ይህ ለአሽከርካሪው እንዴት ያለ ከባድ ነገር እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም፤ አንድ ሰው መሪውን ሲይዝ ሌላ ሰው በስውር መልሶ የሚያዞርበት ይመስላል። በአንድ ኩርባ ላይ መታጠፍ ከሚገባን በላይ ወደ መንገዱ መካከል ወጣን። ከፊት የሚመጣ መኪና ስላልነበረ ክፉ ነገር አልሆነም፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአንድ ዋርካ ሥር ቆምን። በእኛ ጀርባ ሆና መንገዱን ስለማታይ፣ መጋደሙ ሳይታሰብ እንደሚመጣባት የገባን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ተስማማን፤ ወደ ግራ ስንታጠፍ በግራ ትከሻችን በኩል አሻግራ ትመለከታለች፤ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ በቀኙ። መጋደም የሚባለውን ቃል ጨርሰን አላነሣንባትም፤ መመልከት ብቻ። የሚመለከት ሰው ሰውነቱ ራሱ ይከተላልና፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ኩርባ በኋላ ከኋላችን የነበረው ክብደት የጠፋ ያህል ቀለለን።

መልካ ቁንጡሬ የደረስነው ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው። ስፍራው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር ይገኛል፤ ከባልጪት ጋራ ሆኖ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። በጎጆ አምሳል የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ውስጥ የጥንት ሰዎች የጠረቧቸው የድንጋይ መሣሪያዎችና የአራዊት አጥንቶች ተሰድረዋል። ሊቃውንት በዚህ አካባቢ በደረቀ ጭቃ ላይ የታተመ የሰው ዱካ አግኝተዋል፤ ከመካከሉም የሕፃናት ዱካ አለበት። ዕድሜውን 700 ሺህ ዓመት ይሉታል፤ የዘመኑን ክርክር ለባለ ሙያዎቹ ትተን፣ ልጁን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር የወረደ ሰው ዱካ ማንንም ወላጅ ቆም የሚያደርግ ነው። ጥቁርና የሚያብረቀርቀው ባልጩት ከዚህ አካባቢ እየተወሰደ ለመሣሪያ ይጠረብ ነበር። በኦሪት ዘጸአት ሲፓራ ልጇን የገረዘችበት ድንጋይ በአማርኛው ባልጩት ተብሎ መተርጎሙን ለባለቤታችን ስንነግራት፣ የአንዱን ስንጥር ጠርዝ በዓይኗ ለክታ «ይቈርጣል» አለች።

ከአዋሽ ድልድይ አለፍ ብሎ በስተ ቀኝ ወደ አዳዲ ማርያም የሚገባው መንገድ ፒስታ ነው፤ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለመንገድ የተሠራ ሞተር ብስክሌት ምንነቱ የሚታወቀው እዚህ ነው። በጠጠር ላይ የፊት ጎማው እንደ ዓሣ ይዋልላል፤ የሰው ልብ መሪውን አጥብቀህ ያዝ ይላል፤ ትክክለኛው ነገር ግን ላላ አድርጎ መያዝ፣ በእግር መርገጫው ላይ ክብደትን መጣልና ሞተሩን ወደ ፊት መጎተቱን እንዲቀጥል ማድረግ ነው። የፊት ፍሬን በጠጠር ላይ በድንገት የጨበጠ ሰው ወዲያው መሬት ላይ ይገኛል። በመካከሉ ገለባ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው መጡ፤ አንዷ ድምፁን ፈርታ ፊታችን ላይ ተገላገለች። በኋላው ፍሬንና በሞተሩ ጉልበት ቀስ ብለን አቆምነው፤ ሞተሩንም አጠፋነው። አህያዋ ጭነቷን ይዛ ስታልፍ ከኋላ የሚነዷት ሽማግሌ በሁለት ወገን የተዘረጉትን ሲሊንደሮች ትኩር ብለው አይተው፣ «ይኼስ ክንፍ አለው፤ ለምን አይበርም?» አሉን። ባለቤታችን ከተነሣን ጀምሮ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

ሕፃናቱ ግን ከሩቅ ይሰማሉ፤ ከየጎጆው እየሮጡ ወጥተው በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። በመኪና የሚያልፍ ሰው የእጅ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል፤ እኛ ግን በዓይን ለዓይን ርቀት ስለምናልፍ የእያንዳንዱን ፊት አይተናል።

ቤተ ክርስቲያኑ በመጀመሪያ አይታይም። ዛፍና ሣር ይታያል፤ ጠጋ ሲሉ መሬቱ ተከፍሎ በዙሪያው ጠባብ ጉድባ፣ በመካከሉም ከአንድ ዓለት የተፈለፈለው ሕንፃ ይገኛል፤ ጣሪያው ከመሬቱ ጋራ እኩል ነው። ትውፊቱ ከንጉሥ ላሊበላ ጋራ ያያይዘዋል። ወደ ዛፎቹ ስንቃረብ አንድ አባት በትራቸውን አንሥተው አስቆሙን፤ «ልጄ፣ ይህ ድምፅ ያለው ነገር ከወዲያኛው ዛፍ ሥር ይቁም» አሉ። አጥፍተነው በእጅ እየገፋን ወሰድነው፤ 200 ኪሎ ምን ያህል እንደሆነም ያን ጊዜ አወቅን። ዕለቱ ኪዳነ ምሕረት ስለ ነበረ ምእመናኑ ከቅዳሴ ወጥተው በጥላው ተቀምጠዋል። ባለቤታችን ነጠላዋን ከሣጥኑ አውጥታ ተከናነበች። ጫማችንን አውልቀን መስቀል ተሳልመን ወደ ውስጥ ስንወርድ፣ በጆሮአችን ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ገና ይጮህ ነበር፤ ከዓለቱ ቅዝቃዜና ከዕጣኑ ሽታ ጋራ ቀስ በቀስ እየራቀ ሄደ። ግድግዳዎቹ ላይ የመሮው ምልክት በጣት ይዳሰሳል። በእያንዳንዱ ምት የወጣው ድንጋይ ትንሽ ነው፤ በጨለማው ቆመን የምቱን ብዛት ስናስብ ብዙ ቆየን። ባለቤታችን ከእኛ ይልቅ ዘገየች፤ ምን እንደ ጸለየች አልጠየቅናትም።

ወደ ዋናው መንገድ ተመልሰን ሽሮ በልተን ወደ ጢያ ወረድን። ጢያ ከአዲስ አበባ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ትክል ድንጋዮቹ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡ ሲሆኑ፣ በዚሁ ስፍራ ካሉት 36ቱ መካከል 32ቱ ቅርጽ አላቸው፤ ከሁሉ የሚበዛው ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሰይፍ ነው። የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ ከምልክቶቹ አብዛኞቹ ግን እስከ ዛሬ አልተነበቡም። መጽሐፍ ማንበብ ሥራችን ስለሆነ በማይነበብ ነገር ፊት መቆም ሁልጊዜ ያስቸግረናል፤ ስለዚህ እንደ ሌላ ጎብኚ ቆጥረን አለፍን።

በዚያ ሳለን ሰዓቱ ዘጠኝ ሆነ። አሳባችን እስከ ቡታጅራ መዝለቅ ነበር፤ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፤ መንገዱም መልካም ነው፤ ሞተሩም ሞቆ ደስ በሚል ድምፅ ይሠራል። እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ የሚመጣው ፈተና ፍጥነት ሳይሆን «ጥቂት ብቻ» የሚለው ነው። ባለቤታችን ፀሐይዋን አየች፤ «የዛሬው እዚህ ይብቃ» አለች። ተመለስን። አመጣጧም ትክክል ነበር፤ ወደ ማታ ሲሆን የዛፎች ጥላ መንገዱን እያቋረጠ ጉድጓዱን ይሰውራል፤ ከብቱም ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ በየኩርባው በሬ ይገኛል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እየሄድን፣ ሰው ባየን ቁጥር ነዳጁን እየለቀቅን መጣን። በጠዋቱ መካከል መንገድ ያወጣን ያ ኩርባ ሲደርስ፣ ባለቤታችን በትከሻችን በኩል አሻግራ ስትመለከት የራስ ቁሯ ከራስ ቁራችን ጋራ ቀስ ብሎ ሲነካካ ሰማን፤ ሞተሩም አንድ ሰው ብቻ እንደ ጫነ ሆኖ ታጠፈ።

ሰበታ የደረስነው አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። መንገዱ በድምሩ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቤንዚኑም ዘጠኝ ሊትር ሆነ። መካኒኩ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ሊያውቅ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀን አገኘነው፤ ዓይኑ በእኛ ላይ ሳይሆን በባለቤታችን ላይ ነበር። እሷም ወርዳ አቧራዋን አራገፈች፤ ነጠላዋን ከሣጥኑ አወጣች፤ የራስ ቁሩን ፈትታ በእጁ ላይ አኖረችለትና «ይኼ ለእኔ ሰፊ ነው፤ መርካቶ ስትወርድ ልኬን ፈልግልኝ» አለችው።